የአዛናው ተራ

ወለቃ ጠመዝማዛው ላይ ሲኖትራክ ያፈሰሰው፣
አንድ አካፋ አሸዋ ነው አዛናውን ከመንገድ የመለሰው።
ሰው እንዲያ ነው የሚለው።

እኔ ግን ፍሬኑን አውቃለሁ፤ ማክሰኞ ነው ያየሁት፣
ሸራው ሳስቶ ሳለ «ይይዛል» ብዬ የሸኘሁት።
«ይቆያል?» አለኝ፣ እግሩን ከመርገጫው ሳይነቅል፤
«እስከ ቅዳሜ» አልኩት፣ ቁልፌን በጨርቅ ስወለውል።

አደጋው ዓርብ ደረሰ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሃያ ሦስት ሞተር ቆሞ፣
ዘበኛው «ሰልፍ ነው እንዴ?» ይላል ተገርሞ።
ሞተሩን ያጠፋ የለም፤ ያጠፉት እንደሆን ነገሩ
እውነት የሚሆን ይመስል፣ ሁሉም ይንተከተካል ከበሩ።
መኳንንት «ኦ ነኝ» ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ ገባ፤
ጥጋቡ፣ ያ በአንድ ጎማ የሚበረው፣ መርፌ አይቶ አነባ።
አነባ፤ ግን ሰጠ።

ባንቺዓየሁ ከጠዳ ጤና ጣቢያ በዲቲዋ መጣች፣
ጭቃው እስከ ጉልበቷ፣ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀች፤
ዶክተሩን በዶክተር ቋንቋ ጠይቃ፣ ለኛ በኛ ፈታች፦
«ጭኑ ሁለት ቦታ ነው። ይተርፋል። ብረት ይገባለታል» አለች።

ሄልሜት ገልብጠን ዞርን ከፒያሳ እስከ አዘዞ።
ባጃጆች እንኳ፣ በተሳፋሪ ስንት ቀን የተደባደብናቸው፣
መሪ በአንድ እጅ ይዘው ጣሉልን ከኪሳቸው።
አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ ጨመረ፤ ማን እንደሆነ እናውቃለን፤
ዕዳውን ጽፈን ይዘናል፣ አንድ ቀን እንቀበላለን።

ሰኞ ማለዳ ስማቸው፣ ተራ አስከባሪው፣
ያ ለአንድ ብር የማይምረው፣
ደብተሩን ገልጦ እንደወትሮው ሲጣራ፣
«አዛናው!» አለ በስድስተኛው ተራ።
ዝም አልን።
«አዛናው ብያለሁ! ሰው የለም በዚህ ስፍራ?»
መኳንንት ሞተሩን ረገጠ፤ «አቤት» ብሎ ሄደ፣
አንዲት ባልቴት ጭኖ ሳሙና በር ወረደ፤
ሲመለስ ሂሳቡን ስማቸው እጅ ላይ አኖረ፣
ደብተሩ ላይ «አዛናው ሠራ» ተብሎ ሰፈረ።

እንዲህ ሆነ፣ ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ፤
አዛናው ካልጋው ሳይወርድ በቀን አሥር ጊዜ ወጣ፣
በዝናብ ወለቃ ወርዶ፣ በጭጋግ ከኮሶዬ መጣ።
ተሳፋሪ «አዛናው የቱ ነህ?» ብሎ ሲያመነታ፣
አምስት እጅ ይነሳል ባንድ አፍታ።

እኔስ? እኔ ተራ የለኝም። ያለኝ ቁልፍና ዘይት ነው።
ማታ ማታ በስልክ መብራት ቦክሰሩን ፈታሁ፣
ሹካውን አቃናሁ፣ መብራቱን ተካሁ፤
ፍሬኑን ግን ሦስት ጊዜ ገጥሜ ሦስት ጊዜ ፈታሁ።

ራጁን በመስኮት ብርሃን ዘርግቶ ሲያሳየኝ፣
አንድ ዘንግ፣ ስምንት ቡሎን፤ እንደ ሻንሲ ታየኝ።
ዶክተሩ ያጠበቀው እኔ ያላላሁትን ነው።
«አዛናው፣ ያ ፍሬን…» አልኩ።
ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣
«የሸራው ብር ኪሴ ነበር፤ ለልጅቷ ጫማ ገዛሁ።
አንተ ሳምንት ስትለኝ፣ እኔ ወር ሰማሁ።»
አልተቃቀፍንም። ብርቱካን ልጬ ሰጠሁት፤
ግማሹን መለሰልኝ።

ከመስቀል ማግስት በክራንች መጥቶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።
ስማቸው ደብተሩን ገለጠ፤
«አዛናው!»
ካምስት አቅጣጫ «አቤት» አልን፤ ስድስተኛው ከድንጋዩ ተሰማ።
ስማቸው መነጽሩን አውልቆ አየን፤
«የትኛው ነው የሚሄደው?»

ቦክሰሩን እየገፋሁ አመጣሁ። ከኋላ ወጣ፣ ብረት እግሩን አንጠልጥሎ፤
ሂሳቡን ቀድሞ ከፈለ፣ «ዛሬ ተሳፋሪ ነኝ» ብሎ።
ስማቸውም ሳይስቅ ጻፈ፦ አዛናው ሠራ።

ወለቃ ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ትከሻዬን ጨበጠ።
አሸዋው የለም፤ ጎርፍ ወስዶታል።
«እስቲ» አለኝ በጆሮዬ።
ፍሬኑን ያዝኩት።
ያዘ።